ጎንደር ላይ የዘነበው ውሃ የት ይሄዳል?

ጎንደር ውስጥ ጥምቀት ካለፈ በኋላ የማይቀር አንድ ወሬ አለ። ውሃ ከጠፋ ስንት ቀን ሆነ? የእናንተ ሰፈር ፈረቃ መቼ ነው? ቢጫ ጀሪካን ቦኖ ፊት ሲደረደርና የጋሪ ውሃ ዋጋ ሲወደድ ወሬው ወደ ክርክር ይቀየራል። አንዱ «ጣና አጠገባችን ተኝቶ እኛ በጥም እናልቃለን» ይላል። ሌላው «የመገጭ ግድብ ግንባታ ይለቅ እንጂ ሁሉም ነገር ይስተካከላል» ብሎ ያጽናናል። ሦስተኛው ጣቱን ወደ ውሃ አገልግሎቱ ይቀስራል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረትም ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ሦስቱም አባባል ውስጥ እውነት አለ። ሦስቱም ግን ታሪኩን ከመሃሉ ነው የሚጀምሩት። ጎንደር ዝናብ አላጣችም። ያጣችው ዝናቡን ይዞ እስከ ግንቦት የሚያቆይላት ነገር ነው። ይህን ሥራ የሚሠሩት ከከተማዋ በላይ ያለው ተራራና እርሻ፣ የግድቡ ሐይቅ እና የቧንቧው መረብ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የተረሳው የመጀመሪያው ነው። ይህ ጽሑፍ በዋናነት ስለ እሱ ነው።

ብዙ ውሃ ያለን ይመስለናል

በምድር ላይ ካለው ውሃ 97.5 በመቶው ጨዋማ ነው። ከቀሪው 2.5 በመቶ ውስጥ ከሁለት ሦስተኛ በላዩ በረዶ ሆኖ ተቆልፏል። 30 በመቶ ገደማው ከመሬት በታች ነው። በወንዝና በሐይቅ የምናየው ከጨው አልባው ውሃ አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ኢትዮጵያን «የአፍሪካ የውሃ ማማ» ማለት ለምደናል። በ12ቱ ተፋሰሶች በዓመት የሚፈሰው የገጸ ምድር ውሃ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ሕዝቡም ግን ከ120 ሚሊዮን አልፏል። ሲካፈል ለአንድ ሰው በዓመት 1,000 ሜትር ኩብ ያህል ይደርሳል። የስዊድኗ የውሃ ሳይንቲስት ማሊን ፋልከንማርክ ያስተዋወቀችው መለኪያ፣ በነፍስ ወከፍ ከ1,700 ሜትር ኩብ በታች የሆነን ሀገር «የውሃ ጫና ያለበት» ይለዋል። ከ1,000 በታች የወረደው ደግሞ «የውሃ እጥረት ያለበት» ይባላል። እኛ ጠርዙ ላይ ነን። ለዚያውም አብዛኛው ውሃ በክረምት መጥቶ ድንበር ተሻግሮ የሚሄድ ነው።

እዚህ ላይ ባለሙያዎች የሚለዩት አንድ ነገር አለ። ውሃው ራሱ ከሌለ ተፈጥሯዊ እጥረት ይባላል። ውሃው እያለ የሚያጠራቅመው፣ የሚያጣራውና የሚያደርሰው አቅም ሲጠፋ ደግሞ ኢኮኖሚያዊ እጥረት ይሆናል። ጎንደር የሁለተኛው ዓይነት ምሳሌ ናት። ይሁንና ሁለተኛው ችላ ሲባል የመጀመሪያውን ሊወልድ ይችላል። ሐሮማያ ሐይቅ ለዚህ ምስክር ነው። ለሐረር ከተማ ውሃ ይሰጥ የነበረው ያ ሐይቅ፣ ለመስኖና ለከተማ ያለ ልክ ሲቀዳና ደለል ሲገባበት ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ። ሐረር ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ረጅም መስመር ተዘርግቶላት ውሃ ለማግኘት ተገደደች። ሐይቁ በኋላ መልሶ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ከተማዋ የከፈለችው ዋጋ ግን ተመላሽ አይሆንም።

አራት ወር ጎርፍ፣ ስምንት ወር ጭላጭ

ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች። ለንደን የምታገኘው 600 አካባቢ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ከአዘናነቡ ነው። ለንደን ላይ ዓመቱን ሙሉ ያካፋል። ጎንደር ላይ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርድና ያበቃል።

ስለዚህ የጎንደር ጥያቄ የአራት ወሩን ዝናብ ለስምንት ወር እንዴት እናቆየው የሚል ነው። ተፈጥሮ የራሷ መልስ ነበራት። ዛፍና ሣር ባለበት ተዳፋት ላይ የወደቀ ዝናብ ቀስ ብሎ ወደ አፈሩ ይሰርጋል። ከዚያ ወደ ተሰነጣጠቀው ጥቁር ድንጋይ ይወርዳል። ባለሙያዎች ባዛልት የሚሉት የጎንደር አካባቢ አለት ይህ ነው። ውሃው በስንጥቁ ውስጥ ወራት ከቆየ በኋላ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ወንዝ በበጋ የሚፈሰው በዚህ ውሃ ነው፤ የበጋ ፍሰት ይባላል። መሬቱ ከተራቆተ ግን ያው ዝናብ ገጹን ጠርጎ በሰዓታት ውስጥ ያልፋል። ሐምሌ ላይ ድልድይ የሚያሰጋ ጎርፍ ይሆናል፤ የካቲት ላይ ወንዙ ድንጋይ ብቻ ይቀረዋል።

የቀሃ ወንዝ ይህን በደንብ ያሳያል። የፋሲለደስ መዋኛ ለጥምቀት የሚሞላው ከቀሃ በቦይ ተመርቶ በሚገባ ውሃ ነው። ጥር 11 በጋ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ይህን ሥርዓት ሲሠሩ ወንዙ በበጋ እንደሚፈስ ተማምነው ነው። አፄ ፋሲለደስ ከተማዋን የቆረቆሩት በቀሃና በአንገረብ መካከል ባለው ከፍታ ላይ መሆኑም በአጋጣሚ አይመስልም። ዛሬ በበዓሉ ሰሞን ከተማው ሁሉ ቀሃን ያስታውሳል። በሌላው ጊዜ ግን ወንዙ ቆሻሻ የሚጣልበትና ፍሳሽ የሚለቀቅበት ሆኗል። ይህን ማየት ያማል፤ ከውሃ እጥረቱ ተለይቶ የሚታይ ጉዳይም አይደለም። የተበከለ ውሃ አለ ተብሎ አይቆጠርም።

አንገረብ ውስጥ የተኛው አፈር

የከተማዋ ዋና የውሃ ምንጭ የአንገረብ ግድብ ነው። (ወደ አትባራ ወንዝ ከሚወርደው ከትልቁ አንገረብ ጋር መምታታት የለበትም። የከተማዋ አንገረብ ወደ መገጭ፣ መገጭም ወደ ጣና ነው የሚሄደው።) ግድቡ የተሠራው በ1980ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሲጀመር 5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝ ታስቦ ነበር።

ይህ ምን ያህል ነው? ክረምት ሲወጣ ሙሉ የሆነው ሐይቅ ለ240 የበጋ ቀናት ቢከፋፈል በቀን 20,000 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። መንግሥት በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለጎንደር መጠን ላላቸው ከተሞች ያስቀመጠው መስፈርት በሰው በቀን 80 ሊትር ነው። በዚያ ሒሳብ ሙሉው ሐይቅ 260,000 ሰው ያጠጣል። ለዚያውም ፀሐይ ሳያተን፣ ቧንቧ ሳያፈስና የሐይቁ ወለል ድረስ ተጠጥቶ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የጎንደር ነዋሪ 207,044 ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ ምን ያህል እንደሰፋች ለማወቅ የማራኪን ወይም የአዘዞን ሰፈር መዞር ይበቃል።

ሰው ሲጨምር ሐይቁ ባለበት ቢቆም እንኳ እጥረት ይመጣ ነበር። ሐይቁ ግን ባለበት አልቆመም። የተሠሩ ጥናቶች እንደሚያሳዩት፣ የአንገረብ ሐይቅ ሲነደፍ ከተገመተው በላይ በፍጥነት በደለል እየሞላ ነው። ደለል ማለት ጎርፍ ከላይ አምጥቶ የተረጋ ውሃ ሲያገኝ የሚጥለው አፈር ነው። ግድብ ሲነደፍ ለደለል ከታች የሚተው ቦታ አለ፤ ሙት ክምችት ይባላል። ደለሉ ግን ታዝዞ ከታች ብቻ አይተኛም። ሻካራው አሸዋ ወንዙ ወደ ሐይቁ በሚገባበት አፍ ላይ ይከመራል። የውሃው ቦታ ከዚያ ጀምሮ ይበላል።

ሒሳቡን ቀለል አድርገን እንየው። ከአንድ ሄክታር መሬት አንድ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ሲታጠብ 10 ሜትር ኩብ ነው። ከአንገረብ ግድብ በላይ ያለው ተፋሰስ ከ70 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ማለትም ከ7,000 ሄክታር። አንድ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢታጠብ 70,000 ሜትር ኩብ አፈር ይነሳል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ከ4,000 ምልልስ በላይ መሆኑ ነው። እርግጥ ሁሉም ሐይቁ ውስጥ አይገባም፤ ከፊሉ መንገድ ላይ ይቀራል። በሌላ በኩል በኢትዮጵያ ደጋ የእርሻ መሬት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲጠቀስ የኖረው አማካይ የአፈር መከላት በሄክታር በዓመት 42 ቶን ነው። ይህ ወደ ውፍረት ሲቀየር ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል አካባቢ ይመጣል።

ታዲያ ደለሉን ለምን አናወጣውም? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብዙ ጊዜም ይነሳል። ደለል መጥረግ ይቻላል። ግን እርጥብ ጭቃ ማውጣት አዲስ ማጠራቀሚያ ከመሥራት ብዙም ላያንስ የሚችል ወጪ አለው። የወጣውን የት እንደሚደፉትም ሌላ ጣጣ ነው። ከላይ ያለው መሬት ሳይድን ከተጠረገ ደግሞ በሚቀጥሉት ክረምቶች መልሶ ይሞላል። ስለዚህ መጥረግ ብቻውን መፍትሔ ነው ማለት አይቻልም። ከላይኛው ሥራ ጋር አብሮ ከሄደ ግን ዕድሜ ይገዛል።

ከግድቡ በላይ ያለው ገበሬ

አፈሩ ለምን ይታጠባል? ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ነው። እርሻው ብዙ ዘመን የታረሰ ነው። ማሳው የሚለሰልሰው ደግሞ ልክ ከባዱ ዝናብ በሚመጣበት ወቅት ነው። ለጤፍ ደጋግሞ የታረሰ መሬት ሰኔና ሐምሌ ላይ ራቁቱን ይቀመጣል። በዚያ ላይ ልቅ ግጦሽ አለ፤ ከመኸር በኋላ ከብት ያገኘውን ሁሉ ይግጣል። ከተማውም በራሱ በኩል ወደ ላይ እየሰፋ ነው። አዲስ መንገድ ሲቀደድና ቤት ሲሠራ የሚቆፈረው አፈር ቦይ ካልተበጀለት የሚያርፈው ወንዝ ውስጥ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በገበሬው ላይ ይወድቃል። ይህ ፍርደ ገምድልነት ነው። በማሳው ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ እርከኑ የሚይዘውን ያህል መሬት ያጣል። ማሳው ከአንድ ሄክታር በታች ለሆነ ሰው ይህ ቀላል አይደለም። የእርከኑ ጥቅም ለራሱም ይደርሰዋል፤ ግን ከዓመታት በኋላ ነው። ግድቡ ውስጥ ደለል መቀነሱ ደግሞ የሚጠቅመው ከተማ ውስጥ ቧንቧ የሚከፍተውን ሰው ነው። ወጪውን አንዱ ይችላል፣ ጥቅሙን ሌላው ይወስዳል።

በየበጋው የሚካሄደው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ብዙ እርከን አሠርቷል፤ ይህ መካድ የለበትም። ድክመቱ ከዘመቻው በኋላ ባለው ነው። ሣር ያልተተከለበት የአፈር እርከን አንድ ከባድ ዝናብ ሲመታው ይናዳል። የተናደ እርከን ደግሞ ውሃውን አንድ ቦታ ሰብስቦ ስለሚለቀው ጭራሽ ቦረቦር ይከፍታል። ስንት ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ከሚለው ሪፖርት ይልቅ ከሦስት ክረምት በኋላ ስንቱ ቆሞ ተገኘ የሚለው ቢነገረን ብዙ እንማር ነበር።

ባሕር ዛፍም ሁልጊዜ የሚያከራክር ነው። ውሃ ይመጥጣል፣ ምንጭ ያደርቃል የሚሉ አሉ። ሌሎች ደግሞ ማገዶና የቤት እንጨት የሚገኘው ከእሱ ነው፣ ገበሬው ቸግሮት ሲሸጥ የሚደርስለት እሱ ነው ይላሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ባሕር ዛፍ ቶሎ የሚያድግ እንደመሆኑ ውሃ በብዛት ይጠቀማል፤ ከሥሩም ሣር እንዲበቅል ብዙ ዕድል አይሰጥም። በምንጭ ዳርና በወንዝ ዳር መትከሉ ስህተት ነው። ከምንጭ ርቆ፣ ለሌላ ለማይመች መሬት ግን ሥራ አለው። የተሻለውን ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ደናቸው ያልተነካ አብያተ ክርስቲያናት ግቢ ውስጥ ወይራው፣ ጽዱ፣ ዋንዛውና ሥር ሥሩ ያለው ቁጥቋጦ አንድ ላይ ነው የሚኖሩት። ቅጠሉ መሬቱን ይሸፍነዋል። ዝናብ ሲጥል ከዚያ ግቢ የሚወጣው ውሃ አጥር ከሌለው ማሳ ከሚወጣው ቡናማ ጎርፍ ጋር አይመሳሰልም።

ጣናን ወደ ላይ መሳብ

ጣና የሀገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው፤ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ከጎንደር በጣና ዳር እስካለችው ጎርጎራ በመንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ለምን አይሳብም?

ጣና ያለው ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ ከፍ ያሉት ሰፈሮች ከዚያም ያልፋሉ። ውሃው ከ350 ሜትር ያላነሰ ሽቅብ መውጣት አለበት። አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ይህን ያህል ለማንሳት ብክነት ባይኖር እንኳ አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የፓምፑ ብክነትና በረጅሙ ቧንቧ ውስጥ ያለው ፍትጊያ ሲጨመር ወደ አንድ ተኩል ይጠጋል። በቀን 30,000 ሜትር ኩብ ለመሳብ 45,000 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው። ሌት ተቀን ሁለት ሜጋ ዋት ገደማ ያልተቋረጠ ኃይል ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ ይጠፋል።

ይቻላል? በቴክኒክ ይቻላል፤ ሐረርም ከሩቅና ከታች ነው የምታመጣው። ግን የሚመጣው ውሃ በጣም ውድ ይሆናል። ጣናም ራሱ ሰላም የለውም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እምቦጭ የሰሜንና የምሥራቅ ዳርቻውን ወርሮታል። እምቦጭን የሚመግበው ከተፋሰሱ የሚገባው አፈር፣ ማዳበሪያና ፍሳሽ ነው። ናይትሮጅንና ፎስፎረስ የበዛበት ውሃ አረምና አልጌ ያበዛል፤ ሂደቱ ዩትሮፊኬሽን ይባላል። ወደ ጣና ከሚገቡት አራት ዋና ወንዞች አንዱ መገጭ መሆኑን ልብ ይሏል። ግልገል ዓባይ፣ ርብና ጉማራ ሌሎቹ ናቸው። ከጎንደር ተራሮች የታጠበው አፈር ግድብ ውስጥ ካልቀረ የደንቢያን ሜዳ አቋርጦ ጣና ውስጥ ነው የሚያርፈው። ተራራው ካልዳነ አንገረብም ጣናም አይድኑም።

ፈረቃው በራሱ የሚፈጥረው ችግር

ውሃ ሲያንስ በፈረቃ ማዳረስ ፍትሐዊ ይመስላል። አማራጭ ስለሌለም ነው የሚደረገው። ግን ፈረቃ የራሱን ችግር ይዞ ይመጣል። ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ስለማይነገር ትንሽ እንቆይበት።

የመጀመሪያው ግፊት ነው። ቧንቧ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ ሲቆይ በየስንጥቁ ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ከውጭ ምንም አይገባም። ባዶ ሲሆን ግን ነገሩ ይገለበጣል። በመስመሩ ዙሪያ የተኛው ፍሳሽ በዚያው ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውሃው ተመልሶ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ይህ ነው። ስለዚህ ከማጣሪያ ጣቢያው ንጹህ ሆኖ የወጣ ውሃ ቤት ሲደርስ ንጹህ ላይሆን ይችላል። ከረጅም መቋረጥ በኋላ የመጣን ውሃ መጀመሪያ ለጽዳት ማዋል፣ ለመጠጥ የሚሆነውን ማፍላት ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ የክሎሪን ምርት ማከም ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው። ጀሪካኑም በየጊዜው መታጠብ አለበት። በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ከጤና መኮንኖች ጎን ሳኒተሪያን ያሠለጥን የነበረው የበሽታ በር ውሃና ንጽሕና መሆኑ ስለታወቀ ነው። ያን እውቀት ለሀገር ያስተማረች ከተማ ውሃዋ ሲቋረጥ ማየት ቅር ያሰኛል።

ሁለተኛው ቆጣሪው ነው። «ውሃ ሳላገኝ ቆጠረብኝ» የሚለው ቅሬታ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ባዶ ቧንቧ ሲሞላ ውስጡ የነበረው አየር ይገፋል። አንዳንድ ቆጣሪ በአየር ግፊትም ይሽከረከራል። መጠኑ ብዙ ላይሆን ይችላል። እምነት ግን ይሸረሽራል፤ እምነት ያጣ ደንበኛ ደግሞ ክፍያ ይሰለቸዋል።

ሦስተኛው ዳገቱ ነው። ጎንደር ተራራማ ከተማ ናት። ለእያንዳንዱ አሥር ሜትር ከፍታ ቧንቧው ውስጥ አንድ ባር ያህል ግፊት ይቀንሳል። ውሃ ሲለቀቅ ቆላ ቆላው ሰፈር ቀድሞ ይቀዳል፤ ዳገቱ ላይ ያለው እስኪደርሰው ፈረቃው ያልቃል። ሰው ደግሞ መች እንደሚመጣ ስለማያውቅ በአንድ ጊዜ ሁሉንም ዕቃ ይሞላል። አቅም ያለው ሮቶ ይተክላል፤ አንዳንዱ ፓምፕ ገዝቶ በቀጥታ ከመስመሩ ይስባል። ያ ፓምፕ የሚስበው የጎረቤቱን ድርሻ ነው።

በዚህ ላይ ገቢ የማያስገኝ ውሃ የሚባለው አለ። ተመርቶ ለማንም ሳይሸጥ የቀረ ማለት ነው፤ በስንጥቅ የፈሰሰ፣ በስርቆት የተቀዳ ወይም በተበላሸ ቆጣሪ ያለፈ። በታዳጊ ሀገራት ከተሞች ከሚመረተው አንድ ሦስተኛና ከዚያም በላይ በዚህ መንገድ መጥፋቱ የተለመደ ነው። ፍሳሽ መጠገን እንደ ግድብ ሪባን የሚቆረጥለት ሥራ አይደለም። በአንድ ሜትር ኩብ ሲሰላ ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ ግድብ ይረክሳል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልሉ የጀመረው ግጭት የዕቃና የባለሙያ እንቅስቃሴን ከባድ እንዳደረገው ግልጽ ነው፤ ይህ በፍርዳችን ውስጥ መግባት አለበት። የቧንቧው እርጅና ግን ከግጭቱ በፊትም ነበር።

ዋጋው

ውሃ ሰብዓዊ መብት መሆኑን የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2010 እ.ኤ.አ. አውጇል። ከዚያ ተነስተው ታሪፍ መጨመር የለበትም የሚሉ አሉ። ሌላው ወገን ከወጪ በታች የሚሸጥ ውሃ ቧንቧ አያስጠግንም፣ ኬሚካል አያስገዛም ይላል።

አንድ ነገር ግን ከክርክሩ ውጪ መሆን የለበትም። ድሃው ዛሬም ርካሽ ውሃ እየጠጣ አይደለም። አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በጋሪ 10 ብር ተገዛ እንበል። ሃምሳ ጀሪካን አንድ ሜትር ኩብ ነው፤ 500 ብር ሆነ ማለት ነው። የቧንቧ ታሪፍ እዚያ ጋ አይደርስም። ቧንቧ የሌለው ወይም ውሃ የማይደርሰው ቤት ከሁሉም በላይ ይከፍላል። እንደኔ እይታ፣ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትር ኩቦች ዝቅተኛ ዋጋ አስቀምጦ ብዙ የሚጠቀመውን ከፍ አድርጎ ማስከፈል ሚዛን ይጠብቃል። ቅድመ ሁኔታው ጭማሪው ምን እንደሠራ ለሕዝብ በግልጽ መነገሩ ነው።

ከዚያ ገቢ ጥቂቱ ወደ ላይ ቢወጣስ? ኒው ዮርክ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የውሃ ምንጯ የሆነውን የካትስኪል ተራሮች ተፋሰስ ለመጠበቅ ለገበሬዎችና ለማኅበረሰቡ ትከፍላለች፤ ግዙፍ ማጣሪያ ከመሥራት ረክሶ ስላገኘችው። የኢኳዶሯ ኪቶ ከ2000 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከውሃ ክፍያ ላይ ድርሻ የሚገባበት ፈንድ አላት። የጎንደር አቅም የእነሱ አይደለም። ሐሳቡ ግን ይሠራል፤ ከአንገረብ በላይ ላለ ገበሬ የሣር ዘር፣ የፍራፍሬ ችግኝ፣ ከብቱን አስሮ ለሚቀልብበት መኖ ድጋፍ መስጠት ማለት ነው። ተቃውሞም ይነሳበታል። ገንዘቡ መንገድ ላይ ይቀራል ይባላል፤ ስጋቱ ምክንያት አለው። ለዚህ የሚመከረው ክፍያውን ከተሠራው ኪሎ ሜትር ጋር ሳይሆን ከክረምት በኋላ ቆሞ ከተገኘው ጋር ማያያዝ ነው።

በቤት ደረጃ ደግሞ ጣሪያው አለ። በ50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1,000 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 50,000 ሊትር ነው። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 40,000 ይቀራል። ማነቆው ማስቀመጫው ነው። ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አምስት ሰው ላለበት ቤተሰብ በቀን 100 ሊትር ብቻ ቢቀዳለት 50 ቀን ይዘልቃል። ክረምቱ ሲወጣ ሙሉ ሆኖ የተዘጋ ሮቶ ለልብስና ለጽዳት ከሆነ በፈረቃ መካከል ያለውን ክፍተት ይሸፍናል። ይህ ለግል ቤት ከባድ ወጪ ነው። ለትምህርት ቤትና ለጤና ጣቢያ ግን ሰፊ ጣሪያ ስላላቸው ያዋጣል።

መገጭ ሲጠናቀቅ

የመገጭ ግድብ ግንባታ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ለመስኖም ለጎንደር መጠጥ ውሃም የታሰበ ነው። ከአንገረብ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሲጠናቀቅ የከተማዋን ጥሬ ውሃ ችግር ለረጅም ጊዜ ሊያቃልል እንደሚችል መጠራጠር አይገባም።

ጥሬ ውሃ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ግድብ ውሃ ይይዛል፤ አያጣራም፣ ቤትም አያደርስም። መገጭ ከከተማዋ ዝቅ ብሎ ስለሚገኝ ፓምፕ ያስፈልገዋል። ማጣሪያ ጣቢያ፣ ማስተላለፊያ መስመር፣ የማከፋፈያ ጋን ያስፈልገዋል። አሮጌው መረብ በአዲስ ግፊት ሲሞላ የሚያፈስበት ቦታ ይበዛል። ስለዚህ ስለ መገጭ ዜና በተሰማ ቁጥር የግድቡ ሥራ ስንት በመቶ ደረሰ ከሚለው ጋር መጠየቅ ያለባቸው ሌሎች ጥያቄዎች አሉ። ማጣሪያው የት ደረሰ? ከመስኖውና ከመጠጡ በድርቅ ዓመት ማን ይቀድማል? ውሃው ለመስኖ በተፈለገበት ሰሞን ከተማዋም የምትጠማበት ሰሞን ስለሆነ ይህ አስቀድሞ በሕግ መወሰን አለበት። ከግድቡ በላይ ላለው መሬት ጥበቃ የተያዘው በጀት ከግድቡ ወጪ አንጻር ስንት ነው? በየስንት ዓመቱስ የደለሉ ልኬት ተወስዶ ውጤቱ ለሕዝብ ይገለጻል? አንገረብ ላይ ይህ ጥያቄ በጊዜው ቢነሳ ኖሮ ዛሬ ሐይቁ ውስጥ የምናገኘው ውሃ አሁን ካለው ይበልጥ ነበር።